«መቶ አምስት» ብሎ የጻፈው ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በተለይም በጎንደርና በደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በጎንደር መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ሆናችሁ ሕፃናትን ሒሳብ ለማስተማር የምትዘጋጁ ወጣቶች፤

በየዓመቱ ከግቢ ጉባኤ መርሐ ግብር በኋላ አንድ ሁለት ተማሪዎች ቀረብ ብለው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ማገልገል እወዳለሁ፤ ነገር ግን ዜማ አልችልም፣ ለስብከትም አልደፍርም። የማጠናው የታዳጊ ሕፃናት ሒሳብ ነው። ይህ ለቤተ ክርስቲያን ምን ይረባል? ቢረባስ በምን መሣሪያ፣ የትስ ሄጄ ላገልግል?» ይላሉ። ዛሬ ለዚህ ጥያቄ የማውቀውን ያህል ልመልስላችሁ እወዳለሁ። ከምክሩ በፊት ግን ጥፋቴን ልንገራችሁ፤ የምመክራችሁን ሁሉ የተማርሁት ከእርሱ ነውና።

በደጀ ሰላሙ ሥር

እንደ እናንተ ተማሪ ሳለሁ በአንድ ክረምት ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የደጋ ቀበሌ ዘመድ ልጠይቅ ሄድሁ። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙም ፍልሰታ ነበር። በፍልሰታ የገጠር ቤተ ክርስቲያን እንዴት በሕፃናት እንደሚሞላ ታውቃላችሁ። ቅዳሴው እስኪገባ ድረስ ያለውን ሰዓት በከንቱ ከሚያሳልፉት ለምን ሒሳብ አላስተምራቸውም ብዬ አሰብሁ። አስተዳዳሪውን አስፈቅጄ፣ ጥቁር የተቀባ ጣውላ ለምኜ፣ ጠመኔ ገዝቼ በደጀ ሰላሙ ጣሪያ ሥር ጀመርሁ። ውጭ ጉሙ መሬት ድረስ ወርዷል፤ ልጆቹ በብርዱ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። እኔም በልቤ ትልቅ መምህር ሆኜ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አሥራ አንድ ዓመት የሚሆነውን አንድ እረኛ ልጅ አስነሥቼ «መቶ አምስት ብለህ ጻፍ» አልሁት። ልጁ ጠመኔውን ተቀብሎ ሳያመነታ 1005 ብሎ ጻፈ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቄም አልፌ «ይህ እኮ ሺህ አምስት ነው! በሦስተኛ ክፍል መቶን አታውቅም?» አልሁት። መምህር ሲስቅ ተማሪ ዝም አይልምና ጉባኤው ሁሉ ሳቀበት። ልጁ የጻፈውን በኩታው ጫፍ አብሶ ወደ ቦታው ተመለሰ። በማግሥቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። እናቱን ከቅዳሴ በኋላ አግኝቼ ብጠይቃት፣ «በጎች ይሻሉኛል ብሎ ወጣ፤ ምን እላለሁ ልጄ» ብላ መለሰችልኝ።

በዚያ ደብር ፊደል የሚያስቈጥሩ አንድ የኔታ ነበሩ። ነገሩን ሰምተው ኖሮ አስጠሩኝ። «ምን ብሎ ጻፈ?» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ በአፈሩ ላይ 1005 ብዬ አሳየኋቸው። እርሳቸውም በዘንጋቸው ጫፍ ከጎኑ ፻፭ ብለው ጻፉ። ቀጥለውም ዘንጉን በመጀመሪያው ምልክት ላይ አድርገው «መቶ»፣ በሁለተኛው ላይ አድርገው «አምስት» አሉ። «የግእዙን ቍጥር ከእኔ ነው የተማረው። መቶ ሲባል መቶን፣ አምስት ሲባል አምስትን ጻፈ። ልጄ፣ ምኑ ላይ ነው የሳተው?»

ወገኖቼ፣ በዚያች ሰዓት ያፈርሁትን ያህል በሕይወቴ ያፈርሁባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው። ልጁ የሰማውን በታማኝነት ጽፎ ነበር። ከመቶው ቀጥሎ አምስትን አኖረ፤ በግእዝ ቢጽፈው ኖሮ ሙሉ ውጤት ያገኝበት ነበር። ያላወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ በትምህርት ቤት የምንጠቀምበት አኃዝ ዋጋውን የሚሰጠው በተቀመጠበት ቦታ እንደ ሆነ፣ ዜሮም ባዶ ቦታን የሚጠብቅ ምልክት እንደ ሆነ አልተነገረውም። የግእዝ ቍጥር ደግሞ ዜሮ የለውም፤ አያስፈልገውምም፤ ለዐሥር፣ ለሃያ፣ ለመቶ የየራሱ ምልክት አለውና። ይህን ሊነግረው የሚገባ ሰው እኔ ነበርሁ። እኔ ግን ሳቅሁበት።

በነጋታው የኔታ ያሳዩኝን መንገድ ይዤ ወደ ግጦሹ ወጣሁ። ልጁን አግኝቼ «አንተ ትክክል ነበርህ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ» አልሁት። ምንም አልመለሰልኝም። በቀጣዩ ቀን ግን መጣ። ከሁሉም ኋላ፣ ከመውጫው አጠገብ፣ ጅራፉን በእጁ እንደ ያዘ ተቀመጠ፤ ሌላ ሳቅ ከሰማ ተነሥቶ ለመሄድ የተዘጋጀ ይመስል ነበር። እስከ ፍልሰታ ፍቺ ድረስ ጅራፉን ከእጁ አላኖረም።

ስሕተት ሲመጣ ምን እናድርግ?

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቁኝ ተማሪዎች የምሰጠው የመጀመሪያው ምክር ይህ ነው። ከማረማችሁ በፊት «እንዴት አድርገህ አገኘኸው? እስቲ አስረዳኝ» በሉት። ልጅ በከንቱ አይሳሳትም፤ ከስሕተቱ በስተኋላ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት አለ።

ለምሳሌ አንዲት ልጅ ከ42 ላይ 17 ስትቀንስ 35 ብላ ብትመልስላችሁ፣ አትደነቁ። ከ7 ላይ 2፣ ከ4 ላይ 1 ቀንሳ ነው፤ ሁልጊዜ ከትልቁ ላይ ትንሹን መቀነስ ነው ብላ ታምናለች። ሌላው ደግሞ ከአንድ ሦስተኛ አንድ አራተኛ ይበልጣል ሊላችሁ ይችላል፤ 4 ከ3 ስለሚበልጥ ነው። ይህን ልጅ በቃል ከመከራከር አንድ እንጀራ አምጥታችሁ «ለሦስት ብንካፈለው ይሻልሃል ወይስ ለአራት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የራበው ልጅ አይሳሳትም።

የ1005 መድኃኒትም ቀላል ነው። ከአሮጌ ካርቶን ረጅም፣ መካከለኛና አጭር ቁራጮችን ቍረጡ። በረጅሙ ላይ 100፣ በመካከለኛው ላይ 20፣ በአጭሩ ላይ 5 ጻፉ። ልጁ ሦስቱን በቀኝ ጫፋቸው አስተካክሎ አንዱን በአንዱ ላይ ሲደራርባቸው 125 ይታየዋል። የሃያውን ቁራጭ ሲያነሣው ደግሞ 105 ይቀራል፤ በመካከል ያለችው ዜሮ ከየት እንደ መጣች በዓይኑ ያያል። እግረ መንገዳችሁንም ፻፳፭ን ከጎኑ ጻፉለት። የግእዙ ቍጥር ያንኑ መቶ፣ ሃያና አምስት ሳይደራርብ ጎን ለጎን ያኖራል። ያን ጊዜ ልጁ ከየኔታ የተማረውና ከትምህርት ቤት የተማረው አይጣሉበትም፤ አንዱ ሌላውን ያስረዳለታል።

መሣሪያው በእጃችን ነው

«የማስተማሪያ መሣሪያ የለኝም» ለምትሉ፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ያለውን ብላቴና አስቡ። በእጁ የነበረው አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ ብቻ ነው፤ የሚመገበው ሕዝብ ግን ወንዱ ብቻ አምስት ሺህ ያህል ነበር። ከብላቴናው የተፈለገው የሌለውን ማምጣት አልነበረም፤ ያለውን መስጠት ነበር።

በደጋው ያለውን እንቍጠር። ባቄላ አለ፤ ለመደመርና ለመቀነስ ይበቃል። ሰንበሌጥ አለ፤ አሥር አሥሩን በክር ስታስሩት የዐሥር ቤት፣ አሥር እስሮችን አንድ ላይ ስታደርጉ የመቶ ቤት ይሆናል። ከ42 ላይ 17 ለመቀነስ የተቸገረችው ልጅ አንዱን እስር ፈትታ አሥር ነጠላ ስታገኝ «መበደር» የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ታውቃለች። የቡና ስኒዎች አሉ፤ ባቄላውን በየስኒው እኩል ማከፋፈል ማካፈል ነው፤ የተረፈውም ቀሪ ይባላል። ገበጣ አለ፤ ልጆች በየጕድጓዱ ጠጠር ሲዘሩ አስቀድመው የት እንደሚደርሱ ማስላት ይለምዳሉ። የገንዘባችን አንድ ብር፣ ዐሥር ብርና መቶ ብርም የአንድ፣ የዐሥርና የመቶ ቤት ምሳሌዎች ናቸው፤ ለልጆቹ ከካርቶን ሠርታችሁ ስጧቸው። እናቱ እንቍላል ስትሸጥ መልስ የሚቈጥርላት ልጅ በደብተር ላይ ሰነፍ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ሁለቱን ያገናኘለት ስለሌለ ነው።

ስልክ ያላችሁም ወደ ገጠር ከመውጣታችሁ በፊት የየክፍሉን የተማሪ መጽሐፍና የመምህር መምሪያ ጫኑበት። ጂኦጀብራ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የጂኦሜትሪ ሥዕሎችን ለማዘጋጀት፣ ካን አካዳሚም ለራሳችሁ ዝግጅት ይጠቅማሉ። ነገር ግን በደጋው ኔትወርክና መብራት እንዳይጠፉባችሁ አትመኩ፤ ባቄላው ባትሪ አይጨርስም።

ከፍ ላሉት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ አባቶቻችን ያቈዩልን ታላቅ የሒሳብ መጽሐፍ አለን፤ እርሱም ባሕረ ሐሳብ ነው። ትውፊታችን ይህን ስሌት ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ከአባታችን ድሜጥሮስ ጋር ያያይዘዋል። ድሜጥሮስ ለመንበሩ የተመረጠው ከወይን አትክልተኝነት፣ ያልተማረ ሰው ሳለ እንደ ሆነ ይነገራል። ሒሳብ አይገባኝም ለሚል ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ማጽናኛ ምን አለ?

እስቲ የ2018 ዓ.ም.ን ትንሣኤ ከልጆች ጋር እናውጣ። 5500 እና 2018 ሲደመሩ 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናሉ። ይህን ለ4 ስናካፍል 2 ይቀራል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ለ19 ስናካፍል 13 ይቀራል፤ አንድ ሲነሣለት ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 12፣ ይህ አበቅቴ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 18፣ ይህም መጥቅዕ ነው። ሁለቱን ብትደምሩ 30 ይሞላሉ፤ ልጆች ሥራቸውን የሚመረምሩበት መንገድም ይህ ነው። መስከረም 18 የዋለው እሑድ ስለ ሆነ የእሑድን ተውሳክ 7 ስንጨምር 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ይገባል። የትንሣኤን ተውሳክ 9 ስንጨምር 34፣ ሠላሳው ሲገደፍ 4፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል።

ልብ በሉ፤ በዚህ አንድ ስሌት ውስጥ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና ቀሪ ሁሉም አሉ። በትምህርት ቤት «ቀሪው ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ እዚህ ቀሪው በዓላቱንና አጽዋማቱን እንደሚያሳውቅ ያያል።

የት እናገልግል?

የመጀመሪያው ቦታ የራሳችሁ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። በቅዳሜ ከሰዓት ወይም በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት ለማጠናከሪያ ትምህርት ቢሰጥ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በደስታ ይልካሉ። ሁለተኛው የአብነት ትምህርት ቤት ነው። በጎንደርና በዙሪያዋ ብዙ ወንድሞቻችን ቅኔና ዜማ እየተማሩ የዘመኑን ትምህርት ግን ሳያገኙ ይቀራሉ። ወደ እነርሱ ስትሄዱ ከእነርሱም ትማራላችሁ። በአብነት ትምህርት ቤት ነባሩ ተማሪ ለጀማሪው ያስጠናል፤ መምህሩ ሁሉን ብቻውን አይሸከምም። ይህን ሥርዓት በሒሳብ ክፍላችሁ ብትጠቀሙበት ሃምሳ ልጅ አያስጨንቃችሁም።

ሦስተኛው በየክረምቱ በከተማውና በየወረዳው የሚዘጋጀው የወጣቶች የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው፤ የማጠናከሪያ ትምህርት ከሥራዎቹ አንዱ ነው። አራተኛው በአካባቢያችሁ ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ርእሰ መምህሩን አስፈቅዳችሁ፣ ከክፍሉ መምህር ጋር ተመካክራችሁ ለሚቸገሩ ልጆች ጊዜ መስጠት ትችላላችሁ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ግን አትስበኩ፤ ባሕረ ሐሳቡንም በዚያ አታስተምሩ። የሙስሊም ወገናችንን ልጅ እንደ ራሳችሁ ታናሽ አስተምሩት። ትዕግሥታችሁና ፍቅራችሁ የሚናገረው ይበቃል።

በየትም ብትሄዱ እነዚህን አትርሱ። ልጆችን ሰው በሚያይበት ግልጽ ቦታ፣ ሁለት ሆናችሁ አስተምሩ። የወላጅን ፈቃድ ጠይቁ። በአጨዳና በውቂያ ወራት ልጆች ለምን ቀሩ ብላችሁ አትቈጡ፤ ሰዓቱን እናንተ አስተካክሉ። ልጆችን በዕድሜያቸው ወይም በክፍላቸው ሳይሆን በሚያውቁት ልክ መድቡ። በህንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቈየው መንገድ ይህ ነው፤ አምስተኛ ክፍል ሆኖ መቀነስ የማይችል ልጅ ከመቀነስ ይጀምራል፤ አያፍርበትምም፤ ጓደኞቹም ከዚያው ናቸውና። ከሁሉም በላይ የማትፈጽሙትን ቃል አትግቡ። ስምንት ቅዳሜ ከሆነ የምትችሉት ስምንት ቅዳሜ በሉ፤ ስምንቱንም ተገኙ።

አንድ ደብተርም ይኑራችሁ። ልጆች የተሳሳቱትን፣ ለምን እንደ ተሳሳቱም የነገሯችሁን በየቀኑ ጻፉበት። ለተግባር ልምምድ ስትወጡ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ያ ደብተር ይረዳችኋል። የእኔ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ 1005 ተጽፏል።

ማንም ሳያስገድደን

ይህ አገልግሎት በሀገራችን አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይመረቁ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደንግጎ፣ አብዛኞቹ በመምህርነት ተሰማርተው ነበር። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ብዙ ወጣቶች ወደ ገጠር ወጥተዋል። እነዚያ በትእዛዝ የሄዱ ናቸው። እናንተን ማንም አላዘዛችሁም። የሚጠራችሁ በነጻ የተቀበልነውን በነጻ እንድንሰጥ ያዘዘን ጌታ ብቻ ነው (ማቴ. 10፥8)።

የሚጠራን ችግርም እንደ ጥንቱ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በደረሰው ጦርነትና አለመረጋጋት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ተጎድተዋልም። ስንት ልጅ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ እንደ ቀረ እግዚአብሔር ያውቃል። እነዚህ ልጆች ሲመለሱ ከእድሜያቸው በታች ያለውን ትምህርት ይዘው፣ አፍረው፣ ከመውጫው አጠገብ ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ በፊታቸው የሚቆመው መምህር ምናልባት ከእናንተ አንዱ ነው።

ያ እረኛ ልጅ ዛሬ ሰው ሆኖ የት እንደሚኖር አላውቅም። በጸሎቴ ግን አስበዋለሁ። ባለ አንድ መክሊቱ አገልጋይ መክሊቱን በምድር ቀብሮ ተወቀሰ፤ እኔ ደግሞ የሌላውን መክሊት በሳቅ ልቀብር ነበር። የኔታ በዘንጋቸው ጫፍ ባያስጥሉኝ ኖሮ በእግዚአብሔር ፊት ምን እመልስ ነበር?

ስለዚህ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ «ዜማ አልችልም» ብለህ፣ «ለስብከት አልደፍርም» ብለሽ ከዳር አትቀመጡ። አንድ ሕፃን የፈራውን ቍጥር እንዳይፈራ ማድረግ አገልግሎት ነው። በዚህ ሳምንት ካርቶን ቍረጡ፣ ባቄላ ያዙ፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችሁን ኃላፊ አነጋግሩ። ልጁም ሲሳሳት አትሳቁ። ጎንበስ ብላችሁ «እንዴት አድርገህ አገኘኸው?» በሉት።

ለድሜጥሮስ ማስተዋልን የሰጠ አምላክ ለእኛም ትዕግሥቱን ያድለን፤ ሕፃናቱን ይጠብቅልን፤ ለሀገራችንም ሰላሙን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።